ይማም በቁሙ ሲለቀስለት

ሰው ሲያለቅስ አፉ ምን እንደሚመስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሌላውን ማለቴ አይደለም፤ የራሳችሁን። እኔ አይቻለሁ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ፣ በር አክሎ። ያውም ጥርሴ ሙሉ በነበረበት ዘመን የተነሣ ነው። ቆንጆ ነበርኩ፤ ይህን የሚክደኝ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። አፌ ግን ለለቅሶ ሲከፈት የጎተራ በር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስስቅም ሳለቅስም በነጠላዬ ጫፍ ከለል አደርገዋለሁ።

እታገኝ እባላለሁ። ሙሾ አውራጅ ነኝ። አንዳንዱ "አልቃሽ" ይለኛል፤ ደስ አይለኝም። አልቃሽማ ማንም ነው፤ ጡት የከለከሉት ሕፃንም ያለቅሳል። እኔ ቤት የሚመታ ግጥም ይዤ፣ ሟቹን ከነጠባዩ፣ ከነአረማመዱ፣ ሰው ፊት የማቆም ሰው ነኝ። መካነ ሰላም ላይ ሰው ሞቶ እኔ ሳልጠራ ከተቀበረ፣ ወይ ሟቹ ተቀይሞኝ ነበር፣ ወይ ወራሾቹ ቋጣሪ ናቸው። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያስተማረችኝ ልጅ ስትወለድ እልል ያልኩላት እኔ ነኝ፤ "እማማ እታገኝ፣ እጅዎ ከብዷል" እያለች ስትቆጣኝ ችዬ ተማርኩ። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ነገሬ አይንጋደድም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከደርግ በፊት ነው። በጃንሆይ ጊዜ ከአዲስ አበባ ፊልም የሚያነሡ ሰዎች በላንድሮቨር መጡብን። ታሪኩ አንድ ፊታውራሪ ሞተው ልጆቻቸው በርስት ሲጣሉ ነው። ይህን ለማየት ወዲህ ድረስ ምን አመጣቸው? የርስት ጠብ አዲስ አበባ የለም ወይ? ብቻ አገራችሁ ገደሉ ያምራል አሉን። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም ለምን አላደረጋችሁበትም ብንላቸው ቀለሙ ውድ ነው አሉ። እኛም ድሆች መሆናቸውን ስናውቅ አዘንንላቸውና ድርቆሽ ላይ አስተኛናቸው።

ፊልሙ የሚጀምረው በቀብር ነው። ቀብር ደግሞ ሬሳ ይፈልጋል። ጢሙ ያማረ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ሞቶም የሚያስፈራ ሰው ፈለጉ። ጢምስ ሞልቶ ነበር። ግን ከክርስቲያኑ ወገን በቁሙ ቃሬዛ ላይ የሚተኛ ከየት ይመጣል? ይህ ሟርት ነው። ዛሬ ለጨዋታ ብትተኛበት ነገ ለእውነት ይጠራሃል። የደብሩ አለቃ የቤተ ክርስቲያኑን ቃሬዛ አላውስም ስላሉ ከባሕር ዛፍ አዲስ ተሠራ፤ ያም ሆኖ ሁሉም ከሩቅ ያየዋል እንጂ የሚጠጋው የለም።

በመጨረሻ የተጠጋው ማን ነው? ይማም። ጎረቤቴ፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰን፣ የበቅሎ ነጋዴው ይማም፤ እስላም ነው። ጢሙ እስከ ደረቱ። ቃሬዛውን ዞር ዞር ብሎ እንደ በቅሎ መረመረው፣ እግሩን ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ ወጥቶ ተጋደመ። ሰው ጉድ ሲል፣ "ምን አስፈራችሁ? ይህ የናንተ ቃሬዛ ነው። የኛን መቃብር መንገድ በምን ያውቀዋል?" አለ። ወላሂ እንዲህ ነው ያለው።

ሬሳ ተገኘ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጡ። ሙሾ አውርጂ ሲሉኝ፣ ለማን ብዬ ጠየቅሁ። ለፊታውራሪ አሉ። የትኛው ፊታውራሪ? የሌለ ፊታውራሪ ነው አሉኝ። ለሌለ ሰው ሙሾ አላወርድም፤ ለይማምም አላወርድም፤ ይማም ተኝቶ ጥርሱን እየፋቀ ነው፤ ዓይኔ እያየ በቁሙ አልቀብረውም አልኩ። ለመኑ። ሽማግሌ ላኩ። ባለቤቴ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ራሱ ቃሬዛ ሊሸከም እሺ ብሎ ኖሮ፣ "በሰው ፊት አታዋርጂኝ" አለኝ። አሰብኩ አሰብኩና አንድ መላ መጣልኝ። በዚያው ሰሞን ዳማ የሚባል በቅሎዬ ገደል ገብቶ ሞቶብኝ ነበር። አባቴ የሰጠኝ በቅሎ ነው፤ ውሻ እንኳ አላለቀሰለትም። እሺ አልኳቸውና ለዳማ አወረድኩለት፦

ዳገቱን በሩጫ ሲወጣው የኖረ፣
ምነው ዛሬ ወድቆ ከመንገድ ላይ ቀረ።

የፊልሙ አለቃ፣ በረዶ ቢጥልም የማያወልቀው ጥቁር መነጽር ያለው ሰው፣ ዓይኑን ከመነጽሩ ሥር ሲጠርግ አየሁት። ለማን እንዳለቀሰ አልነገርኩትም። ማን ጠየቀኝ?

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ እነሱ አላወቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም። በኛ አገር ቃሬዛ እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አለ? ገበያተኛው ከዳገቱ ብቅ ሲል ሬሳ አየ፣ ሙሾ ሰማ። በቃ። ጭነቱን አወረደ፣ ነጠላውን አዘቀዘቀ፣ ደረቱን እየመታ ገባ። ካሜራው ላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ ነው፤ መሬት የሚለካ መሣሪያ መስሏቸው ማንም ልብ አላለውም። ጥቂት ሰዎች የተነገራቸው ለቅሶ አገር ሙሉ ሆነ። የፊልሙ አለቃ እንዲያቆሙ ሊነግራቸው ነበር፤ ኋላ ዝም አለ፤ ብልጥ ነው።

ፊልም ማለት ደግሞ አንዱን ነገር መልሶ መላልሶ ማድረግ ነው። በማግስቱም ይማም ተጋደመ፣ እኛም አለቀስን። ለካ ከገበያተኞቹ አንዱ ሬሳው ማን ነው ብሎ ጠይቆ፣ ይማም ነው ተብሎ፣ ወሬውን እስከ ከላላ ወረዳ አድርሶት ኖሯል። ከላላ የይማም እህት ዘይነባ ተድራለች። እኛ በለቅሶው መሀል እያለን ዘይነባ ፀጉሯን ነጭታ፣ ጉንጯን ቦጭራ፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች በካሜራው ፊት ሮጣ መጣችና ቃሬዛው ላይ ወደቀች። ይማም የእህቱን ድምፅ ሲሰማ ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ሰዉ ተበተነ። አህያውን ጥሎ የሸሸ አለ፤ እስከ ማታ አልተመለሰም። ታደሰ የቃሬዛውን ጫፍ ለቆ፣ እኔን ሚስቱን ትቶ፣ ከሁሉ ቀድሞ ሮጠ፤ ይህን እስኪሞት ድረስ አላስረሳሁትም። ዘይነባ ወደቀች፤ ውሃ ረጨንባት። ነፍሷ ሲመለስ ጫማዋን አውልቃ ይማምን በሬሳነቱ ካገኘው መከራ በላይ ደበደበችው። እሱ "አልሞትኩም፣ አልሞትኩም" ይላል፤ እሷ "ለምን አልሞትክም" እያለች ትመታዋለች። ካሜራው የያዘው ይማም እስኪነሣ ድረስ ያለውን ብቻ ነው አሉ።

ሰዎቹ ሄዱ። ፊልሙ አዲስ አበባ ታየ፣ ሰው በገንዘቡ ገብቶ አለቀሰ የሚል ወሬ ደረሰን። ለበቅሎዬ መሆኑ ነው። እኛ ግን አላየነውም። መካነ ሰላም ሲኒማ የት አለ? ከዚያ ጃንሆይ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ሆነ፣ የርስት ጠብም አብሮ ቀረ፤ ፊልሙንም አንዱ መጋዘን ጣሉት። እኛም ረሳነው። የሚያስረሳ ብዙ መጣ። ዘመቻው፣ ስብሰባው፤ ኋላ ደግሞ ያ ድርቅ። ስለ ድርቁ ብዙ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በሰባ ሰባት ሙሾ አልነበረም። ማን ያውርድ? ለማን ለማን ይወረዳል? እኔም ድምፅ አልነበረኝም፤ ለድምፅም እህል ያስፈልጋል። ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ዝም ብለን አፈር እየመለስን ተመለስን።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ነው ግርማ የሚባል ሰው በጭነት መኪና ሳጥን በሳጥን ይዞ የመጣው። ፀጉሩ ገብስማ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጣቶቹ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸቱ። እኔ ሐኪም መስሎኝ ወገቤን ላሳየው ነበር። ለካ ሥራው አሮጌ ፊልም ማደስ ነው። አዲስ አበባ አሁን ቪዲዮ የሚባል መጥቷል አለን፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሲኒማ ነው፣ የጸሎት መጽሐፍ የሚያክል ካሴት ሲያጎርሱት ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ የድሮ ፊልሞችን አጽድቶ በካሴት ሊያወጣ ነው። የኛም ተገኘ። ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ሻግቶ። ግርማ እያንዳንዷን ሥዕል በጥጥና በአልኮል ጠረጋት። በፊልሙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝናብ ይዘንብ ነበር አለ፤ ጭረቱን ማለቱ ነው፤ ሰው በበጋ ተቀብሮ ሰማዩ ያለቅሳል። ያን ዝናብ አባርሮ ያደረቀው እሱ ነው። እኔ ሰው ገንዞ ሲሸኝ ነው የማውቀው፤ እንዲህ በጥጥ አብሶ የሚያስነሣ ሰው ሳይ ወደድኩት።

አንድ ነገር ግን አቃተው። የፊልም ድምፅ የሚቀመጠው ከሥዕሉ ጎን ነው አለኝ፤ ልክ ነጠላ ላይ እንዳለ ጥለት፣ ከዳር ዳር እየሄደ። ከሌላው ሁሉ ድምፁ ተርፏል። የቀብሩ ላይ ግን ሻጋታው ጥለቱን በልቶታል። ሥዕሉ አለ፤ እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ አገር ደረቱን ይመታል፤ ጭጭ ነው። ቀብሩ ዲዳ ከሆነ ፊልሙ አይወጣም። ስለዚህ፣ "እማማ እታገኝ፣ አፈር ስሆን፣ ያንኑ ሙሾ ደግመው ያውርዱልኝ፤ በቴፕ እቀዳና ከሥዕልዎ ጋር አገጥመዋለሁ" አለኝ። ስሜን በአክብሮት የሚጠራ ሰው እምቢ ማለት አልችልም፤ ድካሜ ነው። ግጥሙን ያስታውሱታል ወይ ሲለኝ ግን ተቆጣሁ። ለዳማ ያወረድኩትን እረሳለሁ? እሱ ደግሞ ተማሪ ሳለ ያንን ግጥም ሰምቶ ዳገት ለዳገት ሲደክሙ የኖሩ አባቱን አስታውሶ እንዳለቀሰ ነገረኝ። ያን ጊዜ የበቅሎውን ነገር ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ለአባቱም ይሁን።

ከቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ሊቀመንበሩ ግንባሩን ቋጥሮ፣ በአብዮቱ ዘመን ለፊታውራሪ ማልቀስ ፊውዳሉን መናፈቅ ነው አለ። ግርማ አስረዳ፤ ሊቀመንበሩ አልገባውም። እኔ ጣልቃ ገባሁና በሙሾዬ ውስጥ የፊታውራሪ ስም እንደሌለ፣ የተለቀሰለት ጭነት ሲሸከም የኖረ ጭቁን እንደሆነ ነገርኩት። ይህ ውሸት ነው? ሊቀመንበሩ ሥራውን ራሱ ተገኝቶ ሊቆጣጠር ፈቀደ።

ይህን ሁሉ ይማም ከአጥሩ ማዶ ሲሰማ ኖሯል። በነጋታው መጥቶ ደጄ ላይ ቁጭ አለ። አርጅቷል፤ ጢሙ ነጥቷል፤ በሳል ይታፈናል። ከግርማ ጋር አውርቶ መጣ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ እኔ አልታይም፣ የሚታየው የሱ ፊት ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ የሚሰማው ድምፄ እንጂ አፌ ስለማይታይ ያሻኝን ብል ይገጥማል ብሎታል። "እዚያ ላይ በስሜ አልቅሽልኝ" አለኝ።

ደነገጥኩ። አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? እያሳለህ፣ እየመነመንክ፣ በአንደበቴ ልግደልህ? በዕድሜዬ በሕይወት ላለ ሰው አውርጄ አላውቅም፤ በቅሎውን እንኳ ከሞተ በኋላ ነው ያለቀስኩለት አልኩት።

እሱም ነገሩን አወጣው። "እኔ ስሞት እዚህ ማን ያለቅስልኛል? ሼኹ ዋይታ አይወዱም። በሞትኩበት ቀን ያጥቡኛል፣ ይሰግዱብኛል፣ ዱአ ያደርጋሉ፣ ይቀብሩኛል። አልሃምዱሊላህ፣ ደግ ነው፤ አልከፋኝም። አንቺን ግን ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቁሚ ይሉሻል። የአገሩን ሰው ሁሉ ስታሞግሺ ስሰማ ኖሬ፣ አጥር ለአጥር እየኖርን፣ እኔ ያላንዲት ስንኝ ልሂድ?"

ሟርቱን ነው የምፈራው አልኩት። "ቃሬዛ ላይ ተኝቼ አልሞትኩም፤ አንቺ ምን የተለየ ምላስ አለሽ?" አለኝ። ምላሴን ሲንቅብኝ አልወድም። ሂድልኝ አልኩት። ሄደ። ግን ሲሄድ ከኋላው አየሁት፤ ትከሻው አንሷል። ስሙን ብጠራውና በሳምንቱ ቢሞትስ? ቀሪ ዘመኔን አጥሩን እያየሁ እንዴት እኖራለሁ? ሳልጠራው ቢሞትስ? ያኛውም አጥር ይኸው ነው።

ሥራው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። በቀን ነው፤ መስኮቱን በስንዴ ጆንያና በጋቢ ደፈንነው። "በግብርናችን እናሸንፋለን" የሚለውን ጽሑፍ በነጭ አንሶላ ሸፈኑት፤ ሊቀመንበሩ አኮረፈ። ግርማ ደጅ ጄኔሬተር አስነሣ። ጩኸቱ እንዳይቀዳ ከሩቅ አስቀምጦት፣ ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግቶ ይመጣል። ለለቅሶው ጥቂት ሴቶች ይበቁኛል ብሎ ነበር። ማን ይቀራል? ከተማው ተነቅሎ ገባ። ግርማ ማይክራፎኑን አቁሞ፣ "እጄን ሳነሣ ትጀምራላችሁ፤ እስከዚያ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ" ብሎ አስጠነቀቀ። እሺ አልን። ይማም አጠገቤ ተቀምጧል፤ አኩርፎኛል፤ ግን አጠገቤ ነው።

መብራቱ ግድግዳው ላይ በራ። ዳገቱ መጣ። ቃሬዛውና ሰዉ መጣ።

መጀመሪያ ያየሁት አፌን ነው፤ ነግሬያችኋለሁ። ቀጥሎ ከቃሬዛው በስተቀኝ በኩል ታደሰን አየሁት። ትከሻው ሰፊ፣ ቁምጣው የኔ እጅ የጠቀመው። ሲሄድ ግራ እግሩን ቀለል አድርጎ ነው የሚያነሣው፤ ረስቼው ነበር። ሴት የባሏን አረማመድ ትረሳለች? ታደሰ በሰባ ሰባት ነው የሞተው።

ግርማ እጁን ገና አላነሣም። ከኋላዬ አንዲት ባልቴት፣ "ያ ልጄ ነው" አለች፤ በቀስታ፣ ልክ ገበያ ላይ ያየችው ይመስል። ልጇ ከታደሰ ኋላ ቃሬዛውን ይዟል። ሌላው አባቱን አየ። ሌላዋ እህቷን። ግድግዳው ላይ ለይማም ደረታቸውን የሚመቱት፣ ነጠላ ያዘቀዘቁት፣ ጭነታቸውን ያወረዱት፣ አብዛኞቹ በዚያ ድርቅ ያለቁት ናቸው። ሙሾ ሳይወርድላቸው አፈር የመለስንባቸው። ከመሀላችን አንዱ ዋይ አለ። ከዚያ ማን የማንን እጅ ይጠብቃል? አዳራሹ ተናጠ። ግርማ ዝም ለማሰኘት እጁን አነሣ፤ እሱ ሲያነሣ ደግሞ ሰዉ የተፈቀደ መሰለውና ባሰበት። ግራ ተጋብቶ አንዴ አየን። ከዚያ እጁን አወረደና ቀስ ብሎ ቴፑን ከፈተው።

እኔ ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ አፌ ሊከፈት ሲል እኩል ከፈትኩ።

ዳገቱን በሩጫ ሲወጣው የኖረ፣
ምነው ዛሬ ወድቆ ከመንገድ ላይ ቀረ።

ቃሉ የዳማ ነው። ለቅሶው ግን የታደሰ ነበር፤ ያኔ ያልቻልኩት። ሊቀመንበሩ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ለእናቱ ሲንሰቀሰቅ ሰማሁት። ፊውዳሉን የናፈቀ ማንም አልነበረም።

ዘይነባም ሮጣ መጣች። ድምፅ የላትም፤ አፏ ብቻ "ወንድሜን" ይላል። እሷም በዚያው ዓመት እህል ፍለጋ መንገድ ላይ ነው የቀረችው፤ ይማም ሲደርስ የማያውቃቸው ሰዎች ቀብረዋት ነበር። አጠገቤ "ዘይነባ" አለ። ጢሙ ላይ እንባው ሲወርድ ከግድግዳው በመጣው ብርሃን አየሁት።

ከዚያ ፊቱ መጣ። የይማም ፊት፣ ግድግዳውን ሙሉ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ጢሙ ጥቁር። ግርማ በግንባሩ ምልክት ሰጠኝ፤ ቦታው ይህ ነው። እኔ ዝም ልል ነበር የመጣሁት። እግዜር ያውቃል፣ ዝም ልል ነበር። ግን አየሁ። ግድግዳው ላይ ሞተ የተባለው አንዱ ብቻ ነው፤ ከተሸካሚዎቹ በሕይወት ያለ የለም፤ የተረፈ ሬሳው ነው፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ያስላል። አፌ ሳያስፈቅደኝ ሄደ፦

ተሸካሚው ሁሉ ከፊቱ ቀደመ፣
የይማም ቃሬዛ ሰው ጠፍቶበት ቆመ።

ስሙን ጠራሁት። ሞተ ግን አላልኩም። ሌላው ሁሉ ሞተ፤ እሱ ቆመ፤ ያልኩት ይህን ነው። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ያለ ስንኝ አፌ አልሰጠኝም፤ ከዚያ በኋላም።

ብርሃኑ ሲጠፋ ማንም አልተነሣም። ግርማ ሌላ ጊዜ ደግመን እንሞክር ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ ፊልም መደጋገም ነው ብያችኋለሁ። አልሞከረም። ቴፑን ዘጋ፣ ሽቦውን ጠቀለለ፣ "እማማ፣ ይህ አይደገምም" አለኝ። ደጅ የጮኸች ፍየልም አብራ ተቀድታለች፤ ትኑርበት አለ። ይማም ምርኩዙን ይዞ ወጣ።

ካሴቱ ከከረመ በኋላ ደረሰን። ጥቁር፣ ቀላል፣ እንደ ሳሙና ካርቶን። ምን ይደረጋል? ቪዲዮ የለ፣ መብራት የለ። አንዱ ፀሐይ ላይ አንስቶ በውስጡ ሊያየን ሞከረ። እኔ ልየው ብዬ መለመን ኩራቴ አልፈቀደም። ይማም ግን ሳሉን ይዞ፣ የበቅሎ ነጋዴ ወገቡን ይዞ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ደሴ ወረደ። የዘይነባ ልጅ ዓረብ አገር ሠርታ ቪዲዮ ገዝታ መጥታለች፤ እሷ ዘንድ ሊሰማው።

በሄደ ጊዜ ምን ያህል እንደፈራሁ አልነግራችሁም። ሰምቶት እዚያው ቢሞትስ? አጥሩን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ። ሰው ሲመጣ ፊቱን አያለሁ፣ መርዶ ይዞ እንደሆነ። መርዶ ነጋሪን ከሩቅ ነው የማውቀው፤ ሙያዬ ነው።

ራሱ መጣ። ሳሉ ተሽሎት፣ ደሴ የገዛውን አዲስ ኮፊያ ደፍቶ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆመ። እህቱን ደጋግሞ እንዳያት፣ የልጅ ልጆቿ "አያታችሁ ይቺ ናት" ሲባሉ ስክሪኑን እንደሳሙ ነገረኝ። ስንኙስ አልኩት፤ አልቻልኩም፣ ጠየቅሁ። ጢሙን ያዝ አደረገ። ደግ ነው፤ ግን ያሞገስሺው ቃሬዛዬን ነው እንጂ እኔን አይደለም፤ እንጨቱን ነው ያስቆምሺው፤ የበቅሎ ዕውቀቴ፣ ጨዋታዬ፣ ጢሜ የት ገባ አለኝ። በዘመኔ የስንቱን አገር ሰው ሸኝቻለሁ፤ ተነሥቶ ስንኜን የነቀፈ ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን ምስጋና ቢስ ብዬ ልገባ ስል፣ "ቆይ" አለኝ። "አንቺስ? ላንቺ ማን ያወርድልሻል?"

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። የአገሩ ሙሾ አውራጅ እኔ ነኝ፤ እኔ ስተኛ ዝም ብለው ነው አፈር የሚመልሱብኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ይማም ጉሮሮውን ጠረገ። "ያደረግሽልኝን በቁምሽ ልመልስ። ከደሴ እስከዚህ መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ የመጣሁት ነው። ልበል?" አለኝ። በል አልኩት። ምርኩዙን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዚያ እንደ ተሰነጠቀ ቅል በሚንቋቋ ድምፁ አወረደው፦

እታገኝ ጎረቤቴ፣ አጥራችን አንድ ነው፣
አንቺ ከሞትሽማ አጥሩን የሚያጥር ማን ነው።

ጨረሰ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። እንዴት ነው አለኝ፤ ወላሂ እየጠበቀ ነው።

"ነው" በ"ነው" ቤት መታልኝ። የመሠረተ ትምህርት ልጅ እንኳ ይህን አትሠራም። በዚህ ግጥም ተሸኝቼ ሰማይ ቤት ብደርስ፣ እኔ በአማረ ስንኝ የሸኘኋቸው ሁሉ በር ላይ ተሰልፈው ሲስቁብኝ ታየኝ፤ ታደሰ ፊት ፊት እየመራ። አይሆንም አልኩት። ይህን አስተካክለህ ሌላ እስክታመጣ ድረስ እኔ አልሞትም።

እየሞከረ ነው። በየገበያው ቀን አጥሩ ጋ ይመጣና አዲስ አለኝ ይላል፤ ከፊተኛው የባሰ ያሰማኛል። ግጥም እንዴት ቤት እንደሚመታ አስተምሪኝ ብሎ ለምኖኛል። ሙያውን ለማንም አልከለከልኩም፤ ይማምን ግን አላስተምረውም።